ከሂስቶግራም ላይ ሚዲያን ይገኛል ወይስ አይገኝም? የ80 ቆሮሶ ጉዳይ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ የውይይት ክር ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው ከታች ጀምሮ እያነበበ የተመለሰ ነገር ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አነጋገር ልፃፈው ብዬ ነው። የማንንም ቃል ገልብጬ አልለጥፍም፣ ቁጥሩን አይቶ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል።

መነሻው እንዲህ ነበር። ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ የሰፈራችንን አራት ልጆች ሂሳብ አስጠናለሁ። ስታቲስቲክስ ላይ ስንደርስ ከደብተር ላይ ብቻ እንዳይሆንባቸው አንድ ቅዳሜ በጠዋት አሞራ ገደል ይዣቸው ወረድኩ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ ነበር፣ አንዱን ጋሼ አስፈቀድንና ጣውላ ላይ ሜትር ለጥፈን 80 ቆሮሶ ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ ለካን። አንዷ አሳውን ታስተኛለች፣ አንዱ ቁጥሩን ይጠራል፣ አንዱ ይፅፋል፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሳፋው ውስጥ አፋቸውን እንዳይከቱ ይጠብቃል። ቤት ስንመለስ በሁለት ሁለት ሴንቲ ከፍለን ሂስቶግራም፣ ማለትም በየክፍሉ ስንት አሳ እንዳለ በቋሚ ባር የሚያሳይ ስዕል፣ ሳልን። ከ12 እስከ 14 ሴንቲ 4 አሳ፣ ከ14 እስከ 16 ሴንቲ 11፣ ከ16 እስከ 18 ሴንቲ 19፣ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ 24፣ ከ20 እስከ 22 ሴንቲ 13፣ ከ22 እስከ 24 ሴንቲ 6፣ ከ24 እስከ 26 ሴንቲ 2፣ ከ26 እስከ 28 ሴንቲ አንድ ብቻ።

ከልጆቹ አንዷ ይሄንን ካርቶን ላይ አሳምራ ስላ ለትምህርት ቤቷ ኤግዚቢሽን አቀረበች፣ ከስዕሉ ስር ሚዲያኑ (አሳዎቹ በርዝመት ሲሰለፉ መሀል ላይ የሚውለው ርዝመት) 18.5 ሴንቲ ነው ብላ ፃፈች። ሊገመግም የመጣ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ጥሬው ቁጥር ከሌለ ሚዲያን የሚባል ነገር የለም አላት፣ ቀጥሎ ደግሞ የግድ ከሆነ ከ12 እስከ 28 ያለው መስመር መሀሉ 20 ስለሆነ 20 ብላ እንድትፅፍ ነገራት። ደብተሩ በአሳ ውሀ ርሶ ቀለሙ ስለፈሰሰ ጥሬውን ቁጥር አምጥታ ማሳየት አልቻለችም። እያለቀሰች ነው ቤት የገባችው። እኔ የፃፍኩት ይገኛል፣ ልጅቷ ትክክል ናት የሚል ነበር፣ የጠየቅኩት ደግሞ ለዛ ሰው በትህትና እንዴት እንደማስረዳው ነው።

መልስ 1 የመጣው ወዲያው ነው፣ በጣም ጨዋ መልስ ነበር። ልጆቹን ሀይቅ ዳር ስለወሰድኳቸው አመስግኖ ሂሳቡን በቃል ዘረዘረው። 80 አሳ በርዝመት ቢሰለፍ ግማሹ 40 ነው፣ 18 ሴንቲ ሳይደርስ ያለው 4 እና 11 እና 19 ሲደመር 34 ነው፣ ስለዚህ ወደ መሀሉ ለመድረስ ከሚቀጥለው ባር 6 አሳ ይጎድለናል፣ ባሩ ውስጥ ያለው 24 ነው፣ 6 የ24 ሩብ ነው፣ የ2 ሴንቲ ሩብ ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ነው፣ 18 ላይ ሲጨመር 18.5። እኔ ይሄንን አነጋገር የወደድኩት ፎርሙላው ሳይጠራ ፎርሙላው ራሱ ስለሆነ ነው።

መልስ 2 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ በፎርሙላ ሰርቶ 18.63 አካባቢ መጣብኝ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት ብሎ ጠየቀ። መልስ 3 ወዲያው አገኘለት፣ ልጁ ከረጅሙ ባር ላይ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን ቀንሶ ነው የሰራው፣ እሱ የሞድ፣ ማለትም በብዛት የሚገኘው ርዝመት፣ ፎርሙላ ነው። ሁለቱም ፎርሙላዎች በክላሱ (ባሩ በተሳለበት ክፍል) ታችኛ ድንበር ስለሚጀምሩ ፈተና ላይ በጣም ይምታታሉ። ለሚዲያን የጎረቤቶቹ ቁመት አያስፈልግም፣ ከግራ በኩል ያለው ድምር ነው የሚያስፈልገው።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ከረር አለ። ፀሀፊው ገምጋሚው ትክክል ነው ባይ ነው። ባሩ ውስጥ ያሉት 24 አሳዎች ሁሉም 18.1 ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁሉም 19.9 ሊሆኑም ይችላሉ፣ ታዲያ ከየት መጥቶ ነው 18.5፣ ልጆችን ግምት ሀቅ ነው ብሎ ማስተማር ጉዳት ነው፣ አስጠኚ ነኝ ያለ ሰው ይሄን ካላወቀ ቢያርፍ ይሻለዋል የሚል ነገርም ጨመረበት። መጨረሻው አላስፈላጊ ነበር ግን መጀመሪያው እውነት ነው። 18.5 የሚመጣው 24ቱ አሳዎች በ2 ሴንቲው ውስጥ እኩል ተበትነዋል ብለን ስለምናስብ ነው፣ ያንን ደግሞ ስዕሉ አልነገረንም።

መልስ 5 የክሩ ልብ ነው ለኔ። የፃፉት አዳማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። እሳቸው ፎርሙላውን ከማስተማራቸው በፊት ልጆቹን ካሬ ደብተር ያስመጡ ነበር። አንድ አሳ አንድ ካሬ ይሆናል፣ ባሩ በካሬ ይሞላል፣ ከዛ ልጁ ከግራ ጀምሮ ካሬዎቹን እየቆጠረ ግማሹ ላይ ሲደርስ በእስክሪብቶ ቀጥ ያለ መስመር ከላይ ወደ ታች ያሰምራል። ያ መስመር ታች ያለውን ቁጥር የሚነካበት ቦታ ሚዲያን ነው። አንዳንዴ ባሮቹን በመቀስ አስቆርጠው መስመሩ ላይ አሳጥፈው ሁለቱ ወገን ስንት ስንት ካሬ እንደሆነ ያስቆጥሯቸዋል። እሳቸው ያሰመሩበት ነገር ሚዲያን የቁመትም የመስመሩም መሀል ሳይሆን የስፋት መሀል መሆኑን ነው። 20 የመጣው ከ12 እስከ 28 ያለውን ገመድ እንደማጠፍ ለሁለት በማጠፍ ነው፣ ያ ደግሞ 4 አሳ ያለበትን ጫፍና አንድ አሳ ያለበትን ጫፍ እኩል ማየት ነው። አንድ ትልቅ የ40 ሴንቲ ቆሮሶ ቢያዝ የመስመሩ መሀል ወደ 26 ይሄዳል፣ ሚዲያኑ ግን ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። እሳቸው ለመልስ 4ም ቁጣ ሳያሳዩ ነው የመለሱለት፣ ግምት መሆኑ ተነግሮ የሚሰራ ግምት ሂሳብ ነው፣ ሳይነገር የሚሰራ ነው ውሸት የሚሆነው በሚል መንፈስ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በማግስቱ ካሬ ደብተር ገዝተን ሞክረነዋል።

መልስ 6 በዚህ ላይ ተንተርሳ የባሮቹ ወርድ እኩል ካልሆነስ ብላ ጠየቀች። ቢሮ ውስጥ የምትሰራው ሪፖርት ላይ የመጨረሻዎቹ ክላሶች ሁልጊዜ ተጠቃለው ነው የሚመጡት። በ7 የመለስኩት እኔ ነኝ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። የኛን የመጨረሻ ሶስት ባሮች አጠቃለን ከ22 እስከ 28 ሴንቲ 9 አሳ ብንል፣ ባሩን 9 ከፍታ አድርገን መሳል የለብንም። ወርዱ 6 ሴንቲ ስለሆነ፣ ማለትም የሌሎቹ ሶስት እጥፍ፣ ከፍታው 3 ነው መሆን ያለበት። አለዚያ 9 አሳ በአይን ሲታይ እንደ 27 አሳ ቦታ ይይዛል። እንደዛ ተስሎ ስፋቱን ለሁለት የሚከፍል ሰው 19.25 ላይ ያርፋል፣ ትክክለኛው መስመር ግን እዛው 18.5 ላይ ነው። አንድም አሳ ሳይጨመር በአሳሳል ብቻ ከግማሽ ሴንቲ በላይ ሄደ ማለት ነው። ኤክሴል ላይ ዝም ብሎ የባር ቻርት የሚሰራ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ ሁሉንም ባር እኩል ወርድ ነው የሚሰጣችሁ።

መልስ 8 ሌላ ሹል ሰው ነው፣ ግን የረባ ነገር ይዞ መጣ። ስትለኩ እንዴት ነው የፃፋችሁት ነው ጥያቄው። ወደሚቀርበው ሴንቲ አጠጋግተን ከሆነ 18 የተባለው አሳ ከ17.5 ጀምሮ ያለ አሳ ነው፣ ስለዚህ የባሩ ድንበር 18 ሳይሆን 17.5 ይሆናል፣ ሚዲያኑም 18.5 ሳይሆን 18.0 ነው፣ ይሄንን ሳትናገሩ የምትከራከሩት ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ ደመደመ። ከንቱ የሚለውን ልተወውና ትክክል ነው። የኛ አለካክ ግን እንደዛ አልነበረም። ጭራው 18ን አልፎ 19ን እስካልነካ ድረስ 18 ብለን ነው የፃፍነው፣ እድሜ እንደምንቆጥረው ማለት ነው፣ አስራ ሰባት አመት ከአስራ አንድ ወር የሆነው ልጅ አስራ ሰባት ነው የሚባለው። እንደዛ ሲሆን ድንበሩ እዛው 18 ላይ ይቀራል። ይሄንን መነሻው ላይ አለመፃፌ ስህተት ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ።

መልስ 9 አጭር ናት ግን አስታውሷት፣ በኋላ እንመለስባታለን። ፀሀፊዋ ባሮቹን አይታ ከ18 ሴንቲ ግራ ያለው ባር 19 አሳ፣ ከ20 ቀኝ ያለው 13 መሆኑን አነሳች። የአሳው ብዛት ወደ ቀኝ እየቀነሰ ስለሚሄድ 24ቱም እኩል ሳይሆን ወደ 18 የተጠጉት ይበዛሉ፣ እውነተኛው ሚዲያን ከ18.5 ትንሽ ዝቅ ይላል ብላ ገመተች። ደብተሩ ቢገኝ ኖሮ ይታይ ነበር አለች።

መልስ 10 ግማሹ 40 ሳይሆን 40.5 መሆን አለበት፣ ሚዲያን ላይ አንድ ተጨምሮ ነው ለሁለት የሚካፈለው አለ። መልስ 11 ያ የሚሰራው ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው ሲቆጠሩ ነው፣ ሂስቶግራም ላይ ግን የምንከፍለው ስፋት ስለሆነ ግማሹ ግማሽ ነው ብሎ መለሰለት። በ40.5 ቢሰራ እንኳን 18.54 ነው የሚመጣው፣ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ልዩነት፣ የሚንፈራገጥ አሳ ላይ።

ከ12 እስከ 17 ያለው ስለ አሳ ነው። አንዱ ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ የሚጥመው ብሎ ጀመረ፣ ሌላው አሞራ ገደል ጥሬውን በዳጣ የበላበትን ቀን አነሳ፣ ከዛ አሳ በፆም ይበላል አይበላም ተነሳና ነገሩ ተበላሸ። ሁለት ሰዎች ሊሰዳደቡ ደረሱ። እኔ በዚህ የተጣላ ሰው ማስታረቅ አልችልም፣ የየቤቱ ልማድና የየንስሀ አባቱ ትምህርት የተለያየ ነው። ከዛ ውስጥ ለጉዳያችን የጠቀመው መልስ 16 ብቻ ነው፣ እዛው አካባቢ ያደገ ልጅ ነው፣ በአቢይ ፆም ገዢው ስለሚበዛ ትንንሹም አሳ ገበያ ይወጣል፣ ስለዚህ የለካችሁበት ወር ራሱ ስዕሉን ይቀይረዋል አለ።

መልስ 18 እሱን ይዞ ቀጠለ፣ ስለ መረብ አይን ፃፈ። መረብ አሳን ይመርጣል። ትንሹ በአይኑ ሾልኮ ያልፋል፣ በጣም ትልቁ ደግሞ ጭንቅላቱ ስለማይገባ አይያዝም፣ መሀል ያለው ነው ጉሮሮው ላይ የሚታነቀው። ስለዚህ የናንተ ሂስቶግራም የሀይቁን አሳ ሳይሆን የዛን መረብ አይን ነው የሚያሳየው፣ 18.5 የሀዋሳ ሀይቅ ቆሮሶ ሚዲያን ነው እንዳትሉ ብሎ አስጠነቀቀ። በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። የአንድ ጠዋት፣ የአንድ ጀልባ፣ የ80 አሳ ነገር ነው፣ ካርቶኑ ላይም እንደዛ ተብሎ ነው የተፃፈው።

መልስ 19 ሶፍትዌር ላይ የሚሰራ ሰው ነው፣ ያላሰብኩትን አሳየኝ። ሰርቨር ለስንት ጥያቄ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመለሰ ለመከታተል ፕሮሚቲየስ የሚባል ሲስተም ይጠቀማሉ፣ እሱም እያንዳንዱን ቁጥር አያስቀምጥም፣ በክላስ በክላስ ነው የሚቆጥረው። ሚዲያን ሲጠየቅ የሚሰራው ልክ ልጅቷ የሰራችውን ነው፣ ክላሱን ያገኛል፣ ውስጡ እኩል ተበትኗል ብሎ ያካፍላል። የመጨረሻው ክላስ ጣሪያ የለውም፣ መሀሉ እዛ ውስጥ ከወደቀ ሲስተሙ የዛን ክላስ መነሻ ድንበር ብቻ ነው የሚመልሰው። ክላሶቹን በደንብ ያልመረጠ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያምር ቁጥር አይቶ ይታለላል አለ። ይሄንን ለልጅቷ ሳነብላት ደስ አላት።

መልስ 20 ላይ መልስ 4 ተመልሶ መጣ፣ አነጋገሩ ለስልሶ ነበር። መምህሩን አመሰገነ፣ ከዛ ጥሩ ወጥመድ አመጣ። ድምሩ ድንበር ላይ ሲደርስ ልክ 40 ቢሆንና ቀጥሎ ያለው ባር ባዶ ቢሆንስ፣ 40ኛው አሳ ከባዶው ግራ 41ኛው ከባዶው ቀኝ ነው የሚሆነው፣ በባዶ ደግሞ ማካፈል አይቻልም። መልስ 21 እንደዛ ሲሆን ባዶው ባር ላይ ያለ የትኛውም ነጥብ ስፋቱን እኩል ስለሚከፍል አንድ ቁጥር ብቻ ማለት ትክክል አይሆንም፣ ባዶው ከየት እስከ የት እንደሆነ መፃፍ ነው ያለበት አለ። የኛ ስዕል ላይ ግን 40ኛውም 41ኛውም አንድ ባር ውስጥ ናቸው፣ 34 አሳ ከኋላ፣ እስከ ባሩ መጨረሻ 58። ስለዚህ ሚዲያኑ ከ18 እስከ 20 ውስጥ መሆኑ እርግጥ ነው፣ ግምቱ ከዛ ውስጥ የቱ ጋ የሚለው ብቻ ነው። መልስ 4ም እኔም ስንጨቃጨቅ የነበረው እዚህ ላይ ነበር፣ እሱ ነጥቡን እያየ እኔ ባሩን እያየሁ።

መልስ 22 ለምን ዝም ብላችሁ አማካዩን አትሰሩም አለ። የየባሩን መሀል በብዛቱ አባዝተን ብናካፍል 18.55 ነው የሚመጣው፣ ከሚዲያኑ ጋር ተቀራራቢ ነው ምክንያቱም ስዕሉ ብዙም አላጋደለም። ግን የመጨረሻው ክላስ ከ24 በላይ ተብሎ ክፍት ቢተው አማካዩ ይቸግራል፣ መሀሉ የት እንደሆነ አይታወቅማ፣ ሚዲያኑን ግን አይነካውም። ሂስቶግራም የሚለውን ቃል ያመጣው ካርል ፒርሰን እንደሆነ፣ ድምሩን እየጨመሩ የሚሰሩትን መስመር ኦጃይቭ ያለው ደግሞ ፍራንሲስ ጋልተን እንደሆነም እዚሁ ተነስቷል። ኦጃይቩ ላይ ከ40 ወደ ጎን ሄዶ መስመሩን ሲነኩ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ያው 18.5።

መልስ 23 ላይ የሆነ ሰው ገምጋሚውን ክፉኛ ሰደበ፣ በስሙ አውጡት እስከማለት ደረሰ። እኔ አላወጣም። መልስ 24 አስተማሪ እናት ናት፣ ኤግዚቢሽን ላይ የሌላ ትምህርት መምህር ሂሳብ እንዲገመግም እንደሚደረግና በአንድ ከሰአት ስልሳ ካርቶን ማየት ምን እንደሆነ ፃፈች። እሷን ካነበብኩ በኋላ ንዴቴ በረደ። ቀይ እስክሪብቶው ግን አሁንም ያመኛል፣ ቢያንስ ልጅቷን እንዴት አገኘሽው ብሎ ቢጠይቃት ምን ነበረበት።

ትናንት ማታ 25 ላይ እኔ ፎቶ ለጠፍኩ። ቁጥር ሲጠራ የነበረው ልጅ በእናቱ ስልክ የደብተሩን አንድ ገፅ ከመርጠቡ በፊት አንስቶት ኖሯል፣ በየሴንቲው ጭረት የተጫረበት ገፅ፣ አራት ጭረት ቆሞ አምስተኛው በላዩ የተጋደመበት። ጫፉ ላይ የአሳ ቅርፊት ተጣብቋል። 18 ላይ ሁለት ሙሉ አምስትና 4 ጭረት አለ፣ 14 ማለት ነው። 19 ላይ ሁለት ሙሉ አምስት፣ 10። ስለዚህ የጎደለንን 6 አሳ ከ14ቱ ላይ ነው የምንወስደው፣ 6 ለ14 ሲካፈል 0.43፣ ሚዲያኑ 18.43።

መልስ 26 የመልስ 9 ባለቤት ናት፣ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፣ ወደ 18 እንደሚያጋድል ብላ ነበር እኮ። መልስ 4 በ27 እንኳን ደስ አለሽ አላት፣ ከዛ 18.43ም ቢሆን በአንዱ ሴንቲ ውስጥ እኩል ተበትነዋል በሚል የተሰራ ግምት መሆኑን አስታወሰ። ልክ ነው።

ዛሬ ከሰአት ልጅቷ ካርቶኑን ይዛ መጣች። ቀዩን ጭረት አልፋቀችውም። ከስሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ አዲስ ፅፋለች፣ ሚዲያኑ በእርግጠኝነት ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ውስጥ ነው፣ ከባሩ ሲገመት 18.5፣ ከጭረቱ ሲገመት 18.43። ሰኞ ይዛው ልትሄድ ነው።